ብስክሌት በሰው አገር

ከአምባ ጊዮርጊስ የወጣሁት ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ነው። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ታላቅ ወንድሜ አያ ሙላት ሻንጣዬን ሚኒባሱ ላይ አስጭኖ፣ «አይዞሽ እቴ፣ ሆላንድ ሸጋ አገር ነው አሉ» አለኝ። እኔ ግን ሾፌሩ ጭጋጉ ውስጥ ሲነዳ የወንበሩን ብረት አንቄ ይዤ ጎንደር ደረስኩ።

ሆላንድ ቀድሞኝ ከገባው ባለቤቴ ዘንድ ገባሁ። እናንተዬ፣ እዚህ ሰው ሁሉ በፊትስ ነው የሚሄድ። ፊትስ የሚሉት ብስክሌትን ነው። ሽማግሌው ሳይቀር፣ ነፍሰ ጡሯ ሳትቀር። ዝናቡም እንደኛ ክረምት ወርዶ አያባራም፤ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። የማጸዳው ቢሮ ሩቅ ስለሆነ እኔም ለስደተኛ ሴቶች በሚሰጠው ትምህርት ብስክሌት ለመድኩ። አስተማሪያችን ከሁሉ አስቀድማ የነገረችን ስለ «ዶደ ሁክ» ነው፤ የሞተ ጥግ ማለት ነው። በትልቅ መኪና ቀኝ ጎን ሾፌሩ የማያይበት ቦታ። «ፊቱን በስፖኪዮው ካላየሽ፣ እሱም አላየሽም» አለችኝ።

መጀመሪያ የያዘኝ ግን ፖሊስ ነው። አመሻሽ ላይ አስቆመኝ።

«መብራትሽስ?»

«መንገዱ በርቷል፤ ይታየኛል።»

«አንቺ እንድታይ ሳይሆን እንድትታይ ነው።»

«እኛ አገር የታየ ሰው ነው የሚያዝ» አልኩት።

«እዚህ ያልታየው ነው» ብሎ ቅጣቴን ጻፈ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። በግራዬ የጭነት መኪና አለ። አረንጓዴ ሲበራ እኔ ቀጥታ ልሄድ ስል፣ እሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። በሕጉ ቅድሚያው የኔ ነው። ስፖኪዮው ውስጥ ግን የሾፌሩ ፊት የለም፤ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነበር። ብስክሌቱን ጥዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። የኋላ ጎማው ብስክሌቴን ጨፍልቆት አለፈ። ሾፌሩ ወርዶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል፤ «አላየሁሽም፣ አላየሁሽም» ይላል። እኔ አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ እመቤቴን እጠራለሁ።

ማታውን ለአያ ሙላት ልነግረው ደወልኩ። እሱም ጎንደር ገብቶ አራዳ ሱቅ ተቀጥሯል፤ ቤቱ አዘዞ ነው። ስልኩ ውስጥ ነፋስ ይጮሃል።

«ምነው፣ የት ነህ?»

«ወደ አዘዞ እየገባሁ፣ ብስክሌት ላይ ነኝ። ነዳጅ ጠፍቶ ታክሲ የለም፣ እቴ። ባንድ እጄ ነው የያዝኩት።»

ከኋላው የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«በቀኙ እንዳትገባ፣ አያ! አያይህም!»

«ምን አልሽ? አይሰማም። ደርሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።

ባለቤቴ ራት አቅርቦ ይጠራኛል። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። እስካሁን አልደወለም።