ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሴቶች

እናቴና ጓደኛዋ ፊትና ኋላ ሆነው ሄደው አያውቁም። ከአርባ ምንጭ አጠገብ፣ ጫኖ ቀበሌ ያለው ጓሯችን ከአስፋልቱ ጋር ይዋሰናል፤ የጓደኛዋ ቤት ከአጥራችን ማዶ ነው። እሑድ ጠዋት እናቴ የመዝሙር መጽሐፏን ይዛ፣ ጓደኛዋ ነጠላዋን አጣፍታ አብረው ይወጣሉ። አንዷ ጴንጤ፣ አንዷ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ መገንጠያው ላይ ይለያያሉ። እስከዚያ ግን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ግማሹን አስፋልት ይዘው፣ የሳምንቱን ወሬ ይጨርሱታል። ሾፌር ክላክስ ቢያደርግ ዞር ብለው አያዩም። እናቴ "ዓይን የለውም እንዴ? ይየን!" ትላለች።

እኔ ደግሞ አርባ ምንጭ ውስጥ የመንገድ ደኅንነትን የሚከታተል ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ሰው መንገድ ላይ እንዳይሞት እንዳስብ ነው፤ የገዛ እናቴ ግን አትሰማኝም። አንድ ቀን "እማዬ፣ በግራ በኩል ሁኑና የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ፣ አንዳችሁ ቀድማችሁ አንዳችሁ ተከተሉ" ብላት እንደ ባለጌ አየችኝ።

"ተኳርፈን ነው እንዴ ከኋላዋ የምከተላት?"

እውነቷን ነው። በእኛ ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ መንገድ ፊትና ኋላ ሆነው ከታዩ ሰው "ምን ተጣልተው ነው?" ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ አስታራቂ በር ያንኳኳል። በተማርኩት የመንገድ ደኅንነት ትምህርት ውስጥ ይህን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም።

በዝናቡ ወራት የአስፋልቱ ዳር ጭቃ ሲሆን፣ የፈራሁት ደረሰ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልክ ተደወለና "ጫኖ ላይ ሁለት አሮጊቶች ተገጩ" አሉኝ። ሁለት ሲሉ ሌላ ማን ይሆናል? ሆስፒታል ስደርስ እናቴ ምንም አልሆነችም። የባጃጅ ስፖኪዮ የጓደኛዋን ክንድ መትቶ ቦይ ውስጥ ጥሏት፣ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። እናቴ ደህነኛውን እጇን ይዛ ትቆጣታለች። "ወደ ዳር ነይ አላልኩሽም?" ጓደኛዋም ከነሕመሟ "ዳሩ ጭቃ ነው፤ ጫማዬ አዲስ ነው" ትላለች። እየሳቅሁ አለቀስኩ።

የባጃጁ ሾፌር ወገኖች እርጥብ ሣር የያዙ ሽማግሌዎች ላኩ። ጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ሣሩን ተራምዶ የሚያልፍ የለም፤ ጓደኛዋም ይቅር አለች። ደስ አለኝ፣ ግን ተናደድኩም። ሰው ከሰው ታረቀ፤ መንገዱ እንደነበረ ነው። "ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይባላል፤ እነዚህን ሴቶች ግን መከራም አልመከራቸውም። የጓደኛዋ ክንድ በፋሻ እንደታሰረ እሑድ መጣና ጎን ለጎን ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ በቢሮው የዓመቱ ዕቅድ ስብሰባ ተጠራ። ጥያቄው የትኛው ሥራ ይቅደም የሚል ነበር፤ የሚቀድመው ሥራ ነው በጀቱን የሚያገኘው። የብዙ አገሮች ተሞክሮ የተሰበሰበበት ጽሑፍ ታደለን። አንዱ የፍጥነት ራዳር ይቅደም አለ። ሌላው ሄልሜት አለ፣ ሌላዋ ቀበቶ። ገረሴ መንገድ ላይ አህያ ገጭቶ የሚያውቅ አንድ ባልደረባችን ደግሞ የከብት ነገር ካልቀደመ ብሎ ድርቅ አለ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሌላ አገር ሰው አድኗል። እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ተነሥቼ "እኛ ሪፖርት ላይ ከሚሞቱት የሚበዙት በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው" አልኩ። "ሙዝ ተሸክማ ለምትሄድ ሴት ቀበቶው የቱ ላይ ይታሰርላት? መጀመሪያ መሄጃ ስጧት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።" ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ "እንግዲህ የእግረኛ መንገዱ ጫኖ ላይ ይሞከራ" አለ።

መከራው ከዚያ ቀጠለ። የሰው ሙዝና ማንጎ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ደርሷል። ቢሮው ደብዳቤ ጽፎ ሊያስነሣ ነበር፤ እኔ ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። እነሱም ሣራቸውን ይዘው ከጓሮ ጓሮ ሄዱ፤ እንቢ ያለ አልነበረም። የቢሮው መሐንዲስ ችካል እየቸከለ፣ ሲባጎ እየወጠረ ተከተላቸው። መጀመሪያ የለካው ለአንድ ሰው የሚበቃ ነበር። እናቴ ሰማችና በእኔ በኩል ላከችበት፦ "ጠይቂው፣ ሚስቱን አስከትሎ ነው የሚሄደው?" ሳቀና ሲባጎውን ለሁለት ሰው አሰፋው።

ሲባጎው እየመጣ እየመጣ እኛ ደጅ ደረሰና አባቴ የተከለው ማንጎ ላይ ቆመ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ከሥራ ሲመለስ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነበር፤ እናቴ ዛሬም ጠዋት ከቤት ስትወጣ ግንዱን በመዳፏ መታ ታደርጋለች። እኔ ያን ዛፍ አላስቆርጥም። መሐንዲሱን ወደ ጎን ወስጄ ለመንኩት፤ ልቡ ራራና ዛፉ ጋ ብቻ መንገዱ ጠበብ እንዲል ተስማማን።

ሽማግሌዎቹ ደጃችን መጡ። እናቴ ከጓደኛዋ ጋር ወጣች። ገና ሊንበረከኩ ሲሉ የምሥራች የያዝኩ መስሎኝ ቀደምኳቸው። "እማዬ፣ አይቆረጥም! እዚህ ጋ ብቻ ጠበብ ይላል። አንዳችሁ ቀድማችሁ ታልፋላችሁ፣ ሁለት እርምጃ ነው።"

እናቴ ሲባጎውን አየች። ማንጎውን አየች። ከዚያ የጓደኛዋን የታሰረ ክንድ አየች። ጓደኛዋ "ግድ የለሽም፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ" አለቻት በጋሞኛ። እናቴ መዳፏን ግንዱ ላይ አሳርፋ ቆየች።

"አባቶቼ፣ አትንበርከኩ" አለች። ከዚያ መሐንዲሱ እንዲሰማት ብላ በአማርኛ ጮክ አለች። "ያን ሁሉ መንገድ አብረን መጥተን፣ እኔ ደጅ ስንደርስ ልንኳረፍ ነው? ቁረጡት!"

ገረጋንቲው ፈሶ የእግረኛው መንገድ በተደለደለ በመጀመሪያው እሑድ አጥሩ ሥር ቆሜ አየኋቸው። ማንጎው የነበረበት ቦታ ጥላ የለውም፤ ፀሐዩ ፊታቸውን መታቸው። እናቴ ወሬዋን ሳታቋርጥ ጃንጥላዋን ለሁለት ዘረጋች።