ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ዳንቴል ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ሶፋ ላይም ይሁን ፍሪጅ ላይ፣ ነጭ ዳንቴል ሳይ ልጅነቴ ይመጣብኛል፤ ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን፣ የመኝታ ቤቱ ጥግ፣ እዚያ ጥግ ላይ ሙሽራ መስሎ የተቀመጠው ኮምፒውተራችን።

የላከችልን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ የነበረችው ታላቅ እህቴ ዘይነባ ናት። ለውጥ መጣ እየተባለ ትልልቆቹ ፖለቲካ በሚያወሩበት ሰሞን፣ እኔና እኩዮቼ የምናወራው ጌም ብቻ ነበር። የኳሱን ጌም ስንጫወት ኮምፒውተሩ ምንም አይልም። ከባዱን የመኪና ውድድር ስከፍት ግን እንደ ወፍጮ ይጮህና፣ ልክ አንደኛ ልወጣ ስል ድርግም! መብራት ሄዶ እንዳልል አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ እኔ በንዴት አለቅሳለሁ።

አባቴ የነካካሁት እየመሰለው ይቆጣል። «የልጄ ላብ ነው! ወላሂ፣ አንድ ጊዜ ይድገምና ለፑል ቤቱ ሰውዬ ነው የምሸጠው» አለ። አባቴ ደግሞ ከማለ አይመለስም።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ሳጥኑን እንኳ ሳይፈታ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፎርማት አደረገው። በውስጡ የነበሩት የዘይነባ ፎቶዎች አብረው ጠፉ። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። የሚገርመው፣ እሱ ጋ ሲሠራ ዋለ፤ እኛ ቤት ሲመለስ ያው ድርግም፤ ደግነቱ አባቴ አላየም። ዲቫይደር ቀየርኩ፣ ከጎረቤት ስታብላይዘር ተዋስኩ፤ ምንም የለም። እናቴ ግን መልሱን አግኝታለች፤ «የሰው ዓይን ነው የበላው» ትላለች። እያለችም በደንብ ትሸፍነዋለች። መጀመሪያ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ዘይነባ ከመሄዷ በፊት የሠራችው ዳንቴል፣ እስከ ኋላው ድረስ፤ ስጫወት እንኳ እንዲገለጥ አትፈቅድም።

አንድ ቅዳሜ የመጨረሻው ዙር ላይ ጠፋብኝ። ሳጥኑን በቡጢ ነረትኩት። ላስቲኩ ከሙቀቱ ለስልሶ እጄ ላይ ተጣበቀ። ለካ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ደፍነንበት ኖሯል! ላስቲኩንም ዳንቴሉንም ገሽልጬ ወረወርኩት።

«ተው አልኩህ! የልጄ እጅ ነው!» ብላ እናቴ ዳንቴሉን ከመሬት አነሳች። ፎቶው ከጠፋ ወዲህ የቀራት እሱ ነበር። ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ፣ ስጫወት እንዲገለጥ፣ ስጨርስና ሲበርድ ዳንቴሉ ብቻ እንዲለብስ ተስማማን። በዚያው ቀን ውድድሩን ሳይጠፋ ጨረስኩት። አባቴ ቆሞ አየና ስለ መሸጥ ሳያነሳ ወጣ። እናቴ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኑ ለቀቀው» አለች። እኔ ነኝ ያዳንኩት ብል ማን ይሰማኛል!

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቤቱን ዘግተን ወደ ደሴ ሸሸን። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል። ሳጥኑ የለም፣ ስክሪኑ የለም፣ ዲቫይደሩ እንኳ የለም። ዳንቴሉ ወለሉ ላይ ተጥሎ ጫማ ረግጦታል።

«አላልኩህም? ዓይን ነው» አለች እናቴ እያለቀሰች።

«ዓይን አይደለም እማ! ሰው ነው! ሰው ነው የወሰደው!» ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤት ሁሉ ሰማኝ። ይስማ።

ዛሬ ዘይነባ አገሯ ገብታለች፤ እኔም ላፕቶፕ አለኝ። የፈለገውን ያህል ከባድ ጌም ብከፍትበት አይጠፋም። እንደ ድሮው ከጀርባዬ ተጋፍቶ የሚስቅብኝ ጓደኛ ግን የለም፤ ግማሹ ተሰዷል፣ ግማሹን ቀብረነዋል። ንዴቴ አልበረደም።

ተጫውቼ ስነሳ እናቴ ትመጣና ያንን ዳንቴል ላፕቶፑ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ስንቴ አጥባዋለች፤ የጫማው ምልክት ግን አልለቀቀም። ድሮ ቢሆን ገሽልጬ እወረውረው ነበር። አሁን ጠርዙን አስተካክልላታለሁ።