ወንዙ የቀላ ዕለት

ትናንት ከልጄ ጋር ከቡራዩ ወደ አዲስ አበባ ስንገባ፣ የታክሲው ሬዲዮ ስለ ጦርነት ያወራ ነበር። «ኤፍራጥስ» የሚለውን ስም ስሰማ ሰቀጠጠኝ።

ልጅ ሳለሁ ሰበታ ነበር የምንኖረው። የኢራቅ ጦርነት ሰሞን አባቴ ሬዲዮኑን ከፍቶ፣ የዮሐንስ ራእይን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ዜናውን ይፈታልን ነበር።

«ባቢሎን ማለት ይቺው ኢራቅ ናት። ኤፍራጥስም እዚያው ነው» አለን አንድ ቀን። «ወንዞችም ደም ይሆናሉ ይላል።»

ብዙው አልገባኝም። ደም የሚለው ግን ከውስጤ አልወጣ አለ።

በማግስቱ እናቴ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ይዛኝ ወረደች። ውሃው ቀይ ሆኖ ይፈሳል። እየጮህኩ ሮጬ አባቴን ጠራሁት። መጥቶ ጎንበስ አለና ጣቱን ነክሮ አሸተተ።

«አይዞሽ፣ የፋብሪካ ቀለም ነው» አለኝ።

እናቴ ግን ፊቱን አይታ፣ «ታዲያ ምን ያስፈራሃል?» አለችው።

«የተባለው ደም ቀለም አይሆንም ብሎ የጻፈ የለማ» አላት ቀስ ብሎ።

ልብሱን ሳናጥብ ወደ ቤት ተመለስን።

«እማዬ፣ እጄን አሳመምሽኝ» አለችኝ ልጄ ታክሲው ውስጥ። ለካ ሳላውቀው ጨምድጄ ይዤዋለሁ።