ዘሊካና ሥራ የበዛበት ፕሮሰሰር

ዘሊካ ወረታ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው የሳልህ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ስታትስቲክስ ተምራ ስትጨርስ ምደባዋ የተወለደችበት ከተማ ሆነ። እናቷ ሀሚዳ፣ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኮምፒውተር ላይ ነው እማ። እዚሁ፣ ጎርፍ ጥናት ጣቢያው።»

ሀሚዳ ኮምፒውተር የሚሉት ነገር አልገባትም። «እዚሁ» የምትለዋ ቃል ብቻ በቃቻትና እልልታውን አቀለጠችው።

ጊዜው ደርግ ገበሬውን ከየማሳው እያነሳ በአንድ መንደር የሚያሰባስብበት፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር። ተራው ለፎገራው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ደርሷል። ለአዲሱ መንደር የታሰበው ቦታ ከርብ ወንዝ በታች የተንጣለለ ሜዳ ነው። በበጋ ሲያዩት ቤት ሥሩብኝ ብሎ የሚለምን ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጣና ከነዓሣው መጥቶ ይተኛበታል። ገበሬዎቹ ይህንኑ ቢናገሩ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ጓድ መንግሥቴ «ወሬ ሳይሆን ጥናት አምጡ። ሐሙስ ስብሰባው ላይ ካልቀረበ ችካሉ ይተከላል» ብለው ቆረጡ።

ጥናቱን የያዘው የጣቢያው ኮምፒውተር ነው። የብዙ ዓመት የዝናብ መዝገብ ተጭኖለት፣ ውኃው የትኛው ቦታ ላይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ያሰላል። ግን ስሌቱ አላልቅ አለ። የጣቢያው መሐንዲስ ደሳለው እንደ ገመተው ከሆነ፣ በዚህ አካሄድ የሚያልቀው ከሐሙስ ብዙ ዘግይቶ ነው።

ሰኞ ጠዋት የቁሐር ሚካኤሉ ሽማግሌ አንለይ ኩታቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«እንዴት አደርሽ፣ የሳልህ ልጅ?»

«አልሐምዱ ሊላህ፣ አያ አንለይ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ይኸ ቁም ሣጥንሽ ዛሬስ ተናገረ?»

«ገና እያሰበ ነው።»

«ኧረ ይኸን ያህል የሚያስብ ዳኛስ አይቼ አላውቅ! ጉቦ ፈልጎ እንዳይሆን?»

ዘሊካ ስቃ ወንበር ሰጠቻቸውና ወደ ኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ዞረች። አረንጓዴ ፊደሎች እዚያ ላይ ሲበሩ ባየች ቁጥር፣ ሌሊት የተለቀመ ኮከብ በሣጥን የተቀመጠ ይመስላት ነበር። አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈች፤ «ቶፕ» ትባላለች። ማሽኑ ወዲያው ሆዱን ከፈተላት። ውስጡ ያለው ሥራ ሁሉ፣ ብዙ የሚበላው ከላይ፣ ትንሽ የሚበላው ከታች ሆኖ ተደረደረ።

«ሁለት የሚያስቡ ክፍሎች አሉት፤ ፕሮሰሰር ይባላሉ» አለቻቸው። «ግን ይኸው፣ አንደኛው ፋታ የለውም፤ ሌላው ሥራ ፈትቷል።»

«ጥማድ በሬ በይኛ! አንዱ ይስባል፣ አንዱ ተኝቶ ያመሰኳል።»

ነገሩ በእርግጥም እንዲያ ነበር። ስሌቱ አንድ ወጥ ሆኖ ስለ ተጻፈ ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚይዘው ሥራ አላገኘም። ዘሊካና ደሳለው ሥራውን ለሁለት ከፈሉት፤ የርብን ውኃ ለአንዱ፣ በሜዳው ሌላ ዳር የሚወርደውን የጉማራን ወንዝ ውኃ ለሌላው ሰጡ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች እስከ አፋቸው ሞሉ። ደሳለው እጁን አፋተገ።

ማክሰኞ ግን ዘሊካ የስሌቱን እርምጃ ስታይ ፊቷ ጠቆረ። መፍጠኑስ ፈጥኗል፤ ለሐሙስ ግን አይደርስም።

«ሁለቱም ሠሩ፣ ሁለቱም ደከሙ» አለ ደሳለው። «ከዚህ በላይ ምን እናድርጋቸው? እንገርፋቸው?»

ዘሊካ እንደገና «ቶፕ» ብላ ጻፈች። ቁጥሮቹ በየትንፋሹ ሲለዋወጡ እያየች አንድ ነገር ገረማት። ይህች ትእዛዝ ማን ሥራ እንደ በዛበት እንጂ በምን እንደ በዛበት አትናገርም። ቀኑን ሙሉ እየተሯሯጠ አንዲት ጉዳይ ሳይፈጽም የሚመሽበት ሰው ስንት ነው!

ረቡዕ ጠዋት የጣቢያው ጄኔሬተር እንደ ተነሳ ዘሊካ የስሌቱን ፕሮግራም እንደገና አሰናዳችው። በዚህኛው ዙር፣ እያንዳንዱ የጽሑፉ ክፍል የሚፈጀውን ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ እየመዘገበ እንዲሄድ አዘዘችው። ለጥቂት ጊዜ ካስኬደችው በኋላ «ፕሮፍ» የሚባለውን ትእዛዝ ጻፈች። ውጤቱ በአጭር ሠንጠረዥ ወጣ። ውኃውን የሚያሰላው ክፍል ከታች ተሸጉጧል። ከላይ ተንሰራፍቶ ከመቶው ዘጠናውን የበላው «ቀን ፈልግ» የሚባል፣ የዕለቱን ዝናብ ከመዝገብ ፈልጎ የሚያመጣ አንድ ፍሬ ክፍል ነው።

«ደሳለው! ይኸን የጻፍነው እኛ አይደለንም?»

እነሱው ናቸው። ፕሮግራሙ ከውጭ ሲመጣ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ይቆጥር ነበር፤ የፎገራ ዝናብ የተመዘገበው ግን በእኛው አቆጣጠር ነው። ሁለቱ ቁጭ ብለው አሥራ ሦስተኛ ወር ጨምረውበት፣ በሥራቸውም ኮርተው ነበር። ዘሊካ ጽሑፉን ከፍታ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ድንገት ሳቋ አመለጣት።

«ለሁሉም ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሰጥተናል። ለጳጉሜም ጭምር!»

ደሳለው ጎንበስ ብሎ አየና ጭንቅላቱን ያዘ። «ሠላሳ ቀን ያለ ደመወዝ! እኛ ሞተናል በይኛ!»

ማሽኑ ጳጉሜ ውስጥ የሌሉትን ቀኖች ሲፈልግ፣ ሙሉውን መዝገብ ከጥግ እስከ ጥግ ያገላብጣል። ያጣቸዋል፤ «ዝናብ የለም» ብሎ ያልፍና በሚቀጥለው ቦታ ላይ ያንኑ ፍለጋ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ ምስኪን ፕሮሰሰር በዓለም ላይ ነግቶ የማያውቅ ቀን ፍለጋ ስንት ጊዜ ወጥቶ፣ ስንት ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል! ቁጥሩን አስተካክላ፣ ስድስተኛዋ የጳጉሜ ቀንም በየአራት ዓመቱ እንድትገባ አድርጋ፣ ስሌቱን ለቀቀችው።

አንለይ ከሰዓት በኋላ ብቅ ሲሉ ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀት ይተፋ ነበር።

«ተናገረ እንዴ?»

«ዛሬማ ዝም በል ቢሉትም አይሰማ፣ አያ አንለይ!»

ሐሙስ በስብሰባው ላይ ጓድ መንግሥቴ ማሽኑ በኮከብ ምልክቶች ሞልቶ ያተመውን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን ሰኩ።

«እነዚህ ኮከቦች ምንድን ናቸው?»

«ውኃ ናቸው፣ ጓድ» አለች ዘሊካ።

«መንደሩስ የታለ?»

«ከሥራቸው።»

ጓድ መንግሥቴ ወደ ካርታው ጎንበስ አሉ። ጣታቸው ኮከቦቹን እየዳበሰ ሄዶ፣ ወረቀቱ ነጭ ከሆነበት ከመንገዱ አጠገብ ካለው ጉብታ ላይ አረፈ። «ችካሉ ወደዚህ ይሂድ» አሉ በመጨረሻ።

አንለይ ወደ ዘሊካ ጠጋ ብለው፣ «መነሳቱስ ላይቀርልን ነው፤ ከጎርፍ አፍ ማውጣትሽ ግን ትልቅ ነገር ነው። ተባረኪ» አሏት በሹክሹክታ።

በነሐሴ ዘሊካ ጉብታው ላይ የተሠራውን መንደር ልታይ ሄደች። ጭቃው ገና ያልደረቀ ቤት ደጃፍ ላይ የአንለይ ባለቤት ገላነሽ ተቀበሏት። ከታች ሜዳው ጠፍቷል። ሰማዩ ወርዶ መሬት ላይ የተኛ ይመስል፣ ነጫጭ ወፎች በደመናዎቹ መካከል ይራመዳሉ። ዘሊካ ቁልቁል ወርዳ ውኃው ዳር ቆመች፤ ካርታዋንም ዘርግታ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ሜዳውን ታይ ጀመር።

«ምን ታያለሽ ልጄ? እግርሽ እኮ ራሰ!» ብለው ተጣሩ ገላነሽ።

«ትንሽ ተሳስቻለሁ፣ እማማ! ውኃው ከጻፍኩት አልፎ መጥቷል።»

«ይምጣ! ቤታችን እንደሁ ደረቅ ነው። ይልቅስ ነይ ግቢ፣ እርጎው እየጠበቀሽ ነው።»