ሳይናገር የወጣው ወንድሜ

ዛሬ ከሰዓት ጉለሌ መብራት ጠፋና ኮምፒውተሬ ጽሑፌን እያስቀመጠ ሳለ ድርግም አለ።

መብራቱ ሲመለስ ፋይሉ ደህና ነበር። "ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ ይመዘግባል" አለኝ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጎረቤቴ። "ሲነሣ ያንን አይቶ የተጀመረውን ይጨርሳል፣ ወይ ይሰርዛል።"

የሰፈራችንን መብራት የሚያውቅ ሰው ሳይሠራው አልቀረም።

በደርግ ጊዜ የእናቴም ሕግ ይኸው ነበር፤ የት እንደምንሄድ ሳንነግራት አንወጣም። የቀረ ሰው የት እንደሚፈለግ እንዲታወቅ ነው።

ታላቅ ወንድሜ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ለማንም ሳይናገር ወጣ። አልተመለሰም።

ዘመድ "ተዝካሩን እናውጣ" ሲላት እስከ ዛሬ መልሷ አንድ ነው፦ "መሞቱን ማን ነገረኝ?"

ቅድምም ስወጣ ነገርኳት። "እማዬ፣ ሽሮ ሜዳ ደርሼ ልምጣ።"

"ሂድ። እሱም ይችን ብቻ ብሎኝ ቢሆን።"

በእናንተስ ቤት ሳይናገር ወጥቶ የሚጠበቅ ሰው አለ?