ማሲንቆዬን ያስጮህሁበት ሰርግ

አባባ ማሲንቆዬን ሰምተው «ጎሽ» ብለውኝ አያውቁም ነበር። እሳቸው አዝማሪ ናቸው፤ ከእንፍራንዝ እስከ ሐሙሲት ሰርግ ሲያደምቁ ነው ያረጁት። ማሲንቆ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ታዲያ እኔ ባሕር ዳር ላይ ከባንድ ጋር መጫወት ከጀመርሁ ወዲህ የሚሉኝ ነገር አንድ ብቻ ሆነ፦ «አይሰማም።»

መጀመሪያ እውነታቸውን ነው ብዬ ተቀበልሁ። ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው፤ ድራም፣ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ተደርድረው ሲጮኹበት ምን አቅም አለው? የድምፅ ባለሙያችን ማይክ ፊቴ ላይ ያቆምልኝ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቆም አልችልም፤ አዝማሪ እንደ ችካል ተተክሎ ሊጫወት ነው እንዴ? ወደ ሙሽሪት ሄድ ስል ድምፁ ይጠፋል፣ ስመለስ ይመጣል። አባባ ከዳር ተቀምጠው እጄን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በኋላ «እንዴት ነበር?» ስላቸው፣ «ከበሮው ዋጠው። አይሰማም» ይሉኛል።

ደሜ ፈላ። እልኸኛ ነኝ፤ እሱንም የወረስሁት ከሳቸው ነው። አዲስ አበባ የሚመላለስ ጓደኛዬን ለምኜ ፒክአፕ አስመጣሁ። ፒክአፕ ማለት የሳንቲም ስፋት ያላት፣ ገመድ ያላት ነገር ናት፤ ድምፁን የምትለቅመው ከአየር ሳይሆን ከተለጠፈችበት ዕቃ ነው። ከማሲንቆው ቆዳ ሥር ለጠፍኋት። ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ስፒከር አውጥቼ የገመዷን ጫፍ፣ ጃኩን፣ ብሰካበት፣ ማሲንቆው ቢላ እንዳየ ፍየል ጮኸ! የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ያላዝን ጀመር። ጎረቤቶች ምን ጉድ ነው ብለው በአጥር ብቅ አሉ። አባባ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ያስሩ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። ንቀት መሰለኝ። ንቀት ነው ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኋቸው!

የድምፅ ባለሙያው ነገሩን ሲያይ ሳቀብኝ። «ከስፒከሩ የወጣውን ቆዳው መልሶ ይሰማዋል፤ የሰማውን መልሶ ይልካል፤ እንዲያ ሲቀባበሉ ነው የሚጮኸው» አለኝ። ስፖንጅ ቆርጦ የማሲንቆውን ሆድ ጠቀጠቀልኝ፣ ወፍራሙን ድምፅ ሚክሰሩ ላይ ቀነሰልኝ፣ ስፒከሩንም ከፊቴ ወደ ጎን አዞረው። ጩኸቱ ቆመ። አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ የተወጠረ ቆዳ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይለቅማል። ሳስል ሳሉ በስፒከር ይወጣል። እጅጌዬ ሲነካው ግቢ የሚጠረግ ይመስላል። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹን በሹክሹክታ ብሰድበው፣ ቃል በቃል በስፒከር ሰማኝ። ተሳሳቅንና አለፈ።

ከዚያ አባባን ልምምዳችን ላይ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ የምችለውን ያህል መታሁላቸው። ስጨርስ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ።

«አይሰማም» አሉ።

«ኧረ አባቴ!» አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ። «እኛ እኮ በሱ ጩኸት የራሳችንን መስማት አቅቶናል!»

አባባ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ፣ ሄዱ። ቅስሜን ሰበሩት። ልጅ ሽበት አውጥቶም ከአባቱ አንዲት «ጎሽ» ይጠብቃል፣ ምን ይደረግ? የሚመጣው ሰርግ ላይ እስኪያምኑ ድረስ ላስጮኸው ወሰንሁ።

ሰርጉ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ሆቴል አትክልት ቦታ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። የሙሽሪት አባት የአባባ የጥንት ወዳጅ ስለነበሩ እሳቸውንም ጠርተዋቸው ከሽማግሎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ለድምፅ ባለሙያው ምልክት ሰጠሁት፤ ጨምር።

«ይበቃል ባክህ፣ ሰው ልታደነቁር ነው!»

«ጨምር አልሁህ!»

ጨመረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን መትቼ አላውቅም። ሰርጉ ቀለጠ። ሰዉ ሳህኑን እያስቀመጠ ተነሣ፤ ተነሥተው የማያውቁ የቢሮ ሰዎች ሳይቀሩ ኮታቸውን ወንበር ላይ ጥለው ትከሻቸውን ያንቀጠቅጣሉ። አባባን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። ጨፋሪውን ያያሉ፣ እጄን ያያሉ፣ ደግሞ ጨፋሪውን ያያሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

እንግዳ ወደ አዝማሪ ጆሮ ጠጋ ካለ ግጥም ሊሰጥ ነው፤ ወይ «አወድስልኝ» ሊል ነው፣ ወይ «እገሌን ንካልኝ»። ስለዚህ ባንዱ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ሰዉም ግጥሙን ሊሰማ «እሽ! እሽ!» ተባባለና ጸጥ አለ። እኔም ደስታዬ ሌላ፤ አባባ በሰው ፊት ሊያወድሱኝ! ጎንበስ አልሁላቸው። ማሲንቆው በመካከላችን፣ ልክ አፋቸው ሥር ሆነ።

«ልጄ» አሉኝ፣ እጄን ጨብጠው። «ማሲንቆህን ከሰማሁት ቆየሁ። ቤትም አልሰማው፣ እዚህም አልሰማው። ከበሮው ብቻ ደረቴን ይመታኛል። ጆሮዬ ሄዷል። ለማመን አፍሬ ነው ባንተ ሳመካኝ የኖርሁት። ዛሬ ይኼ ሁሉ ሰው ሲነሣልህ ሳይ ግን ጨነቀኝ። ደህና ትመታለህ ማለት ነው።»

እያንዳንዷ ቃል በስፒከር ወጣች። የሳላቸው እህህታ ሳይቀር ወጣ። ጃኩን እንዳልነቅል አንድ እጄን እሳቸው ጨብጠውታል፣ በሌላው ማሲንቆውን ይዣለሁ። የድምፅ ባለሙያው ደንግጦ ሚክሰሩ ላይ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። አንዲት ሴት «ውይ፣ እኔን!» አለች። ድራም መቺው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቀረቀረ። ከዚያ ሁሉ ሰርገኛ መካከል ያልሰሙት አባባ ብቻ ነበሩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እልሄን ያስጮህሁ መስሎኝ የአባቴን ገበና አስጮህሁ። ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልጨምርላችሁ፤ «ደህና ትመታለህ» ሲሉኝ፣ በዚያች ቅጽበት እንኳ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ጆሯቸው ሳላዝን በፊት ስለ ምስጋናዬ ደስ አለኝ! ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

እሳቸው ሸክም እንዳወረደ ሰው ፊታቸው በርቶ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሽማግሎቹ ሁሉ ብድግ አሉላቸው። አስተናጋጇ ጆሯቸው ሥር ገብታ «ይጨመርልዎ አባቴ?» ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ ወዲያማ ሁሉም ተራ በተራ እየመጣ ይጮኽባቸው ጀመር፤ ጉልበት የሚስም አለ፣ የሚያጎርስ አለ። እሳቸው ይመርቃሉ። የቀረውን ሰርግ እንዴት እንደጨረስሁት እኔ አላውቅም፤ ማሲንቆውን ስመታው እንኳ ቀና ብዬ ማንንም አላየሁም።

ሲመሻሽ በባጃጅ ወደ ቤት ሄድን።

«ሰው ዛሬ እንዴት አከበረኝ!» አሉ አባባ።

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ። ቆይተው ክንዴን ያዙኝ።

«ያልሁህን ለማንም እንዳትናገር። ለሐሙሲት ሰርግ ተጠርቻለሁ። ጆሮው ደነቆረ ከተባለ አዝማሪን ማን ይጠራዋል?»

የሐሙሲቱን ሰርግ የሚደግሱት ሰውዬ ዛሬ ከሽማግሎቹ ጋር፣ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ቃሉን ሁሉ ሰምተዋል።

«አልናገርም» አልሁ።

አልሰሙኝም። አፌን ጆሯቸው ላይ ለጥፌ፣ «ለማንም አልናገርም፣ አባባ!» ብዬ ጮህሁ። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ ሁለታችንንም አየን። አባባ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና «እሺ ልጄ» አሉ።