ቶንካ ሚክሰሯን የፈታች ዕለት

እህቴ ቶንካ ያንን የድምፅ ማስተካከያ ሚክሰር ይዛ ከስፕሊት ከተማ ከመጣው መርከብ ስትወርድ፣ ወደቡ ላይ የነበርነው ሁሉ በሳቅ ፈረስን። የበር መዝጊያ ያህላል! የስፕሊት ቲያትር ቤት አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ሊጥለው ሲል ለምና ያስቀረችው ነው። ቶንካ ጠዋት ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜዋ በሙሉ የድምፅ ነው። ያለ መሣሪያ በኅብረት የሚዘፍኑት የደሴታችን የኮሚዣ መንደር ወንዶች መድረክ ሲወጡ ድምፃቸውን የምታስተካክለው እሷ ነች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጀልባ ነው?» አላት ባሌ ፍራኔ።

«አንተን ሰው የሚያስመስልህ ነው። ይልቅ በዚያ በኩል ያዝልኝ!»

ፍራኔ የቡድኑ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ስለ ድምፁ ቀልድ አያውቅም። በመጀመሪያው ልምምድ አደባባዩ ላይ ሊዘፍን አፉን ከፈተ፤ ቶንካም ድምፁን ለማጉላት የሚክሰሩን ተንሸራታች ቁልፍ ወደ ላይ ገፋችው። ቻ...ቻ...ቻ! ሰርዲን ዓሣ የጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። ከዚያም የባሌ ድምፅ ድርግም አለ። መጠጥ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ዘፈንኩ ወይስ ተጠበስኩ?» ብሎ ጮኸ ፍራኔ።

«አቧራና የባሕር ጨው ነው፤ አጸዳዋለሁ» አለች ቶንካ።

ፍራኔ ግን መታገሥ አልቻለም። በማግስቱ እሷ ዳቦ ቤት ሳለች፣ የጀልባው ሞተር ብሎን ሲዝግ የሚረጨውን ዘይት አምጥቶ በሚክሰሩ ቀዳዳ ሁሉ ፊስ ፊስ አደረገበት። እውነት ለመናገር ለጊዜው እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ባሌ ደረቱን ነፋ። የእመቤታችን በዓል ሲቃረብ ግን ዘይቱ አቧራውን ሰብስቦ ሙጫ ሆነ፤ ግማሾቹ ተንሸራታቾች መሃል ላይ ተገትረው ቀሩ።

«ማን ነካው?» አለች ቶንካ።

ባሌ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«አንተ ሰውዬ! በሞተር ዘይት ጉሮሮህን ትጉመጠመጣለህ?»

«ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው...»

«እንግዲያው አሁን ታግዘኛለህ። ቁጭ በል!»

ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋች። ስፕሊት ያለ ወዳጇ ራዲዮ ጠጋኝ በመርከብ የላከላት ትንሽ ግራሶ ነበረች፤ የእጅ ቅባት መስሎኝ ልቀባት ስል እጄን መታ አደረገችኝ። ከዚያ በካቻቢቴ እያንዳንዱን ተንሸራታች አወጣች፣ የቆርቆሮ ጥርሶቹን በፒንሳ ቀና አደረገችና ከፈተችው። ውስጡ ጥቁር መስመር አለ፤ መስመሩ ላይ ቀጫጭን የብረት ጣቶች ይሄዳሉ። ድምፁ የሚያልፈው በዚያ ነው። አልኮል ያስነካችውን ጨርቅ በቀስታ ስታሳልፍበት፣ የባሌ ዘይት ቡናማ ሆኖ ወጣ።

«አየኸው?»

«አየሁ» አለ ፍራኔ፣ ድምፁ እንኳ ቀጠነ።

ግራሶውን ግን ጥቁሩ መስመር ላይ አላደረገችም። ተንሸራታቹ የሚሄድባቸውን የብረት ዘንጎች ብቻ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካ ነካ አደረገቻቸው። የፍራኔ ድምፅ የሚያልፍበት ተንሸራታች መስመሩ ተበልቶ አልቆ ስለነበር፣ ማንም የማይጠቀምበትን ከዳር ያለውን ነቅላ በሱ ቦታ ተከለችው።

ሁሉንም ገጥማ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አንዱን ከታች እስከ ላይ ገፋችው። ከዚያ ዘላ ተነሳች።

«ፍራኔ! ና ስማ! ና!»

ፍራኔ ማዳመጫውን ነጥቆ ግራ ተጋብቶ ቆመ። «ምንም አይሰማም።»

«እኮ! ምንም አይሰማም!»

ያን ጊዜ ቻ ቻው መጥፋቱ ገባው፤ አቅፎ አነሳት፤ እኔንም፣ ወንበሩንም ሊያነሳ ምንም አልቀረው።

በበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። ፍራኔ ያንን የሚወደውን ዘፈን በሹክሹክታ ጀመረው። ቶንካ ትንፋሿን ይዛ በአንድ ጣቷ ተንሸራታቹን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አደረገችው። አንዲት ቻ የለችም! ድምፁ ከባሕሩ ውስጥ ተነስቶ የሚመጣ ይመስል ነበር። እኔ ሰላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ባሌን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ሰዉ ባንድ ጊዜ «ይደገም! ይደገም!» ብሎ ጮኸ፤ ሦስቴ አስደገሟቸው።

ሲያበቃ ከህቫር ደሴት የመጡት ዘፋኞች ወደ ባሌ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አልፈውት ቶንካን ከበቧት።

«እህታችን፣ ቅዳሜ የኛ በዓል ነው። ትመጪልናለሽ? ሚክሰሩንም ይዘሽ!»

ቶንካ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ዳቦ ቤት ሥራ አለብኝ ልትል አፏን ስትከፍት ባሌ ቀደማት፦

«ትመጣለች! ዳቦውን ሚስቴ ትጋግራለች!»

እውነትም ጋገርኩ። ግማሹ አረረብኝ፤ መንደሩ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ቶንካ ግን ህቫር ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ በጋ በመጣ ቁጥር ከደሴት ደሴት ትጠራለች፤ ሚክሰሩን የሚሸከመውም ባሌ ነው።